እረኛ ወደ ሌላ መንጋ ሲጠራ

ሰው ወደ አዲስ ሥራ ሲጠራ ጥሪው የሚደርሰው ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ ለሚስቱም፥ ለልጆቹም፥ ለጎረቤቶቹም ይደርሳል። ዳሩ ግን መልሱን የሚሰጠው እርሱ አንዱ ስለ ሆነ፥ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ ከጓዙ ጋር ተቈጥረው ይቀራሉ። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ልንጽፍ አስበናል። ምሳሌውንም የምንወስደው ከሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን እረኛ ነው። ነገሩ የቀሳውስት ብቻ መስሎ ቢታይም፥ ከአገር ወደ አገር ለሚዛወር ሹም ሁሉ ትምህርት የሚሆን ይመስለናል። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመንግሥት ሥራ ያለ ሰው ተዛወር ሲባል ይዛወራል፤ ትእዛዝ ነውና። በሉተራውያን ዘንድ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1530 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለ5ኛው ካርል ባቀረቡት የእምነት መግለጫ በ14ኛው ክፍል፥ በሥርዓት ያልተጠራ ሰው በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ እንዳያስተምር፥ ምሥጢራትንም እንዳይፈጽም ወስነዋል። ስለዚህ በብዙ አገር እረኛ ያጣ ማኅበር ተሰብስቦ ይመክራል፥ ድምፅም ይሰጣል፥ ከዚያም የጥሪ ደብዳቤ ይልካል። በሌላው አገር ደግሞ ሲኖዶሱ በመካከል ገብቶ ይመድባል። ደብዳቤ የደረሰው እረኛ መቀበልም መመለስም ይችላል። መልሱን እስኪሰጥ ድረስ ግን ሁለት ጥሪ በእጁ አለ፤ አንዱ አሁን የሚያገለግለው ማኅበር፥ ሁለተኛው አዲሱ ነው። ጭንቀቱም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነተኛ ጥሪዎች ናቸውና።

ይህን ጭንቀት የእኛ አገር ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። የቅኔ ወይም የመጻሕፍት መምህር ወንበሩን ትቶ ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ፥ ተማሪው ከፊሉ አኩፋዳውን አንግቶ ይከተለዋል፥ ከፊሉም ወደ ሌላ ጉባኤ ይበተናል፥ ደካማው ግን ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። መምህሩን የተቀበለው ደብር ደስ ሲለው፥ የለቀቀው ደብር ባዶ ጎጆ ይቈጥራል። እንግዲህ የተጠራ ሰው የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን የሚተዋቸውንም መቍጠር ይገባዋል።

ከሰሜን ወደ ጎንደር በሚመጣው በጥንቱ የነጋዴ መንገድ፥ ተከዜን ተሻግሮ ድብ ባሕር የደረሰ መንገደኛ የሊማሊሞን አቀበት ከፊቱ ያገኘዋል። ጎንደር በዚያ ዘመን ከዚህ አቀበት በላይ ያለች፥ ሊቃውንት የሞሉባት ከተማ ነበረች። በ1830 ዓ.ም. ከትግራይ ተነሥተው ጎንደር ከገቡት እንግዶች አንዱ፥ በሉተራውያን ሥርዓት ቅስና የተቀበሉት የስዊስ ሰው ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ባልንጀራቸው ኩግለር በዓድዋ ቀርተው ነበር። ጎባት በጎንደር ጥቂት ወራት ተቀምጠው ከካህናቱም ከቤተ እስራኤልም ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩግለር በዓድዋ ሲሞቱ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ኋላም ወደ አውሮፓ ሄደው በ1834 ዓ.ም. ማሪያ ጼለርን አገቡና ከእርሷ ጋር ተመለሱ። ነገር ግን በዓድዋ ጽኑ ሕመም ያዛቸው፤ አዲሲቱም ሙሽራ የትዳሯን መጀመሪያ በሰው አገር ሕመምተኛ በማስታመም አሳለፈች። በ1836 ዓ.ም. አገራችንን ለቀው ሄዱ።

ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1846 ዓ.ም.፥ የፕሩሲያ ንጉሥ 4ኛው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ጎባትን ለኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስነት መረጧቸው። ጥሪውን ተቀብለው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሾሙና እስከሞቱበት እስከ 1879 ዓ.ም. በዚያ ቆዩ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ መንጋቸውን አልረሱም። በኢየሩሳሌም ያሉት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በተቸገሩ ጊዜ ረዷቸው፤ በ1855 ዓ.ም. ደግሞ ክራፕፍንና ፍላድን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ከዚህ የምንማረው፥ አዲስ ጥሪ መቀበል የፊተኛውን መካድ እንዳልሆነ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ግን እንቢ ያሉ ሰው ናቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1929 ዓ.ም. በወለጋ በቦጂ ተወለዱ። በነቀምት ሆስፒታል ሲሠሩ ቆይተው ያን ሥራ ትተው ወደ ቃለ እግዚአብሔር ትምህርት ገቡ፤ በ1958 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ በሉተር ሴሚናሪ ተማሩ፤ ሲመለሱም በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

የደርግ መንግሥት በተነሣ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱን መከራ አገኛት፤ ቄስ ጉዲናም ታሰሩ። ከእስር ሲፈቱ በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር። በውጭ አገር ደኅንነትም፥ ክብርም፥ ሥራም ይጠብቃቸው ነበር። እርሳቸው ግን መንጋው በሚፈተንበት ሰዓት እረኛው ጥሎ መሄድ አይገባውም ብለው ቀሩ። በሐምሌ 28 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አስተምረው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ተያዙ። ሚስቲቱን ለይተው ለቀቋቸው፤ ቄስ ጉዲና ግን በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘውና በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ዓ.ም. ነው።

ወይዘሮ ፀሐይም በ1980 ዓ.ም. ታስረው ብዙ ሥቃይ ተቀበሉ፤ የተፈቱት በ1989 ዓ.ም. ነው። ልጆቻቸው በዚያ ዘመን ሁሉ ያለ አባት፥ ያለ እናት ኖሩ። ሰው የቄስ ጉዲናን መልስ ሲያመሰግን፥ የመልሱን ዋጋ ከፍሎ የጨረሰው ቤተ ሰባቸው መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም። እረኛው በአንድ ሌሊት ዐረፉ፤ ሚስቲቱ ግን ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ እስር ተሸከሙ።

እንግዲህ ጎባት ሄዱ፥ ቄስ ጉዲና ቀሩ፤ ሁለቱንም ማንም ምንደኛ ብሎ አይጠራቸውም። መሄድ ብቻውን ስስት አይደለም፤ መቅረትም ብቻውን ታማኝነት አይደለም። ስለዚህ ጥሪ የደረሰው እረኛ፥ እንዲሁም ማንኛውም የቤት አባት፥ እነዚህን አራት ነገሮች ቢመረምር መልካም ይመስለናል።

1ኛ፤ ከሁለቱ ማኅበሮች ችግር የጸናበት የትኛው እንደ ሆነ ይመልከት። ፊተኛው መንጋው በሰላም ጊዜ ለሌላ እረኛ ሊያስረክበው የሚችል ከሆነ፥ መሄዱ አይነቀፍም። መንጋው በፈተና ላይ ከሆነ ግን፥ ደመወዙ የሚበልጠው ቤት ይቆየው።

2ኛ፤ ስለ ገንዘብ እውነቱን ለራሱ ይናገር። ልጆች መመገብና መማር አለባቸው፤ ይህን ማሰብ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ለገንዘብ ሄዶ መንፈስ ቅዱስ ጠራኝ ማለት ነው።

3ኛ፤ ለማኅበሩ ከመመለሱ አስቀድሞ ሚስቱን ያማክር። ምክር ማለት የተቈረጠ ነገር መንገር አይደለም። እርሷ የምትተወው እናቷን፥ ጎረቤቷን፥ የወለደችበትን ቤት ነው፤ በአዲሱም ቦታ መከራ ቢመጣ ግማሹን የምትሸከም እርሷ ናት። እድሜያቸው የደረሰ ልጆችም ቢሆኑ ነገሩን ከሰፈር ልጅ አፍ ሳይሆን ከአባታቸው ይስሙ።

4ኛ፤ ቀን ቆርጦ ይመልስ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እረኛው በመወላወል ወራት ቢያሳልፍ፥ አንዱ ማኅበር ተስፋ ሲያደርግ ሌላው ይጠራጠራል፤ በመጨረሻም የትኛውንም ቢመርጥ የደከመ ፍቅር ይጠብቀዋል።

እኛም በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች፥ የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰን እንቢ የማለት መብት የእረኛውን ያህል የለን ይሆናል። ነገር ግን ደብዳቤውን ወደ ቤት ይዘን ገብተን፥ ራት ከተበላ በኋላ ለሚስታችን አንብበን፥ ምን ይመስልሻል ብለን ለመጠየቅ የሚከለክለን ትእዛዝ የለም። ቤተ ሰቡ ተጠይቆ የተነሣ ጓዝ ቢከብድም፥ ተሸካሚው ብዙ ነው።