ቀድሞ ማመልከት ቀድሞ መግባት ነውን?

ባለፈው መስከረም፤ በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ እየነዱ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት አጎቴ ስልክ ደወሉልኝና «አንተ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኸው፤ እስቲ በእኔና በልጄ መካከል ፍረድ» አሉኝ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አሳቡም ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምሮ ዲፕሎማት መሆን ነው። በዚህስ ክርክር የለም። ክርክሩ የተነሣው ማመልከቻው መቼና እንዴት ይላክ በሚለው ላይ ነው። ልጁ «ቀድሜ ላመልክት፤ ከተቀበሉኝም ሌላ ላልመርጥ ልፈርም» ይላል። አባት ደግሞ «ዋጋውን ሳልሰማ ገዝቻለሁ እንዴት እላለሁ?» ይላሉ።

ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ብቻ ስላልሆነና እዚህ አገርም ወደዚያ ለማመልከት የሚያስቡ ብዙ ወጣቶች ስላሉ፤ አመዛዝኜ ያገኘሁትን ለአንባቢ ማካፈል ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

በአሜሪካን አገር ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ዓይነት የቀደምት ማመልከቻ አላቸው። አንደኛው ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ነው፤ ይህ የሚያስር ነው። ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርማሉ፤ ተማሪው ከተቀበሉት ሌሎቹን ማመልከቻዎች ሁሉ ትቶ ወደዚያው ይገባል። ሁለተኛው ኧርሊ አክሽን ነው፤ ይህ አያስርም፤ መልሱ ቀድሞ ይመጣል፤ ተማሪው ግን እስከ ሜይ 1፤ ማለትም እስከ ሚያዝያ 23፤ ሌሎቹን እያነጻጸረ ለመምረጥ ይችላል። የሁለቱም ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1፤ በእኛ ጥቅምት 22 ገደማ፤ ይዘጋል፤ መልሱም በታኅሣሥ መጀመሪያ ይሰማል።

በዓለም አቀፍ ግንኙነት ስማቸው የሚጠራው ዩኒቨርሲቲዎች መንገዳቸው አንድ አይደለም። ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ተፍትስ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሚያስረውን መንገድ ይጠቀማሉ። በ1919 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ጆርጅታውን ግን ለብዙ ዓመታት የሠራበት የማያስረው መንገድ ነው፤ ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ስላመለከተ ብቻ ብልጫ እንደማያገኝም ሲያስታውቅ ኖሯል። ፕሪንስተንም አያስርም፤ ነገር ግን ቀድሞ ያመለከተበት ተማሪ በሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች ቀድሞ እንዳያመለክት ይከለክላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በ1943 የተቋቋመው የጆንስ ሆፕኪንስ ከፍተኛ የዓለም አቀፍ ጥናት ትምህርት ቤትና በ1933 የተቋቋመው የተፍትስ ፍሌቸር ትምህርት ቤት በዋናው ሥራቸው የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙትን የሚያስተምሩ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስማቸውን ሰምቶ ቢያመለክት የሚገባው ወደ እነርሱ ሳይሆን ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው። በፕሪንስተንም ቢሆን ተማሪው የሚገባው ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የጥናቱን ዘርፍ የሚመርጠው ኋላ ነው። በጆርጅታውን ግን ከመጀመሪያው ለውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤቱ ለይቶ ያመለክታል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ጠቅላላ ቁጥር አይቶ «ዕድሌ ይህን ያህል ነው» ማለት አያስኬድም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል እንበልና፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ 4,000 ሰው ቀድሞ አመልክቶ 800 ቢገባ፤ ከመቶ 20 ገባ ማለት ነው። በመደበኛው ጊዜ 30,000 አመልክቶ 1,500 ቢገባ ከመቶ 5 ነው። ወጣቱ ይህን አይቶ «ዕድሌ አራት እጥፍ ሆነ» ብሎ ይዘላል። ነገር ግን ቀድመው ካመለከቱት መካከል 400ው አሠልጣኝ ቀድሞ የመረጣቸው ስፖርተኞችና በአንዳንዱ ዘንድ እንደሚደረገው የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ቢሆኑና ከእነርሱ 300 ቢገቡ፤ ለቀሩት 3,600 የሚተርፈው ቦታ 500 ብቻ ነው። ይህም ከመቶ 14 ያህል ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ኳስ የሚጫወተው በሠፈር ነው፤ አባቱም የቨርጂኒያን መንገድ እንጂ የዩኒቨርሲቲውን አዳራሽ አያውቁም።

ይህ ሲባል ብልጫው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር በ2003 ባሳተሙት ጥናት፤ ውጤታቸው እኩል በሆነ ተማሪዎች መካከል ቀድሞ ማመልከት በኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና 100 ነጥብ ያህል እንደመጨመር ሆኖ መገኘቱን አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፈርሞ የሚመጣ ተማሪ በእርግጥ የሚመጣ ነውና ዩኒቨርሲቲው ይወደዋል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የሚያገኘው እርግጠኝነት የሚከፈለው ከተማሪው የመምረጥ ነጻነት ነው። ሀርቫርድና ፕሪንስተንም ይህ ልማድ የሀብታሙን ልጅ ይጠቅማል በማለት በ2006 መተዋቸውን አስታውቀው ነበረ፤ በ2011 ግን መልሰው ጀመሩት።

የገንዘቡ ነገር የአጎቴ ዋና ሥጋት ነው። የሚሰጠው ርዳታ በእውነት የማይበቃ ከሆነ ተማሪው ከውሉ ሊለቀቅ ይችላል። ሊያነጻጽረው የሚችል የሌላ ዩኒቨርሲቲ መልስ ግን በእጁ የለም። ስለዚህ የሚፈርም ሰው ከ2011 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቹ በየድረ ገጻቸው እንዲያኖሩት ሕግ ያዘዘውን የዋጋ ማስያ ከመፈረሙ በፊት ቁጭ ብሎ ከወላጁ ጋራ ይሙላው።

ከአዲስ አበባ ለሚያመለክተው ተማሪ ሚዛኑ ሌላ ነው። ሀርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን የውጭ አገር ተማሪን ሳይቀር የመክፈል ችሎታውን ሳይመለከቱ ይመርጣሉ። በብዙዎቹ ሌሎች ዘንድ ግን ለውጭ አገር ተማሪ የተመደበው ርዳታ ጥቂት ስለሆነ፤ ርዳታ መጠየቁ ራሱ በሚዛኑ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከ«መቼ ልላክ» አስቀድሞ «ለእንደኔ ያለው ይከፍላሉን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህም በላይ ጊዜ አለ። ቀድሞ የሚልክ ተማሪ የሚታየው እስከ 11ኛ ክፍል ባገኘው ውጤት ነው። ውጤቱ ገና በመሻሻል ላይ ያለ፣ ድርሰቱንም ያልጨረሰ ወጣት ለጥቅምት ብሎ ቢጣደፍ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ይሆንበታል።

እንግዲህ ፍርዴን ሰጠሁ። ልጁ ለጆርጅታውን በማያስረው መንገድ ቀድሞ ይላክ አልሁ። ይህም በዚያው ጊዜ በሌላ ቦታ የሚያስር ማመልከቻ እንዳይልክ ይከለክለዋል፤ ዋጋው ይህ ነው። ነገር ግን የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆነ፤ የውጭ ጉዳይ ትምህርት በሚሰጠውና ለግዛቱ ልጆች በቅናሽ በሚያስተምረው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በማያስረው መንገድ አብሮ ያመልክት። በታኅሣሥ መልሱ ሳይቀና ቢቀር፤ ተፍትስና ጆንስ ሆፕኪንስ በጃንዋሪ መጀመሪያ፤ በእኛ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፤ የሚዘጋ ሁለተኛ ዙር የሚያስር ማመልከቻ አላቸው፤ ያን ጊዜ ዋጋው ተሰልቶ ከተስማሙ ይፈርሙ።

ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ዕድሌን አሳነስህብኝ» አለኝ። እኔም «ዲፕሎማት ልትሆን ነው የምትሄደው፤ በጠረጴዛው ሌላ ወገን የተቀመጠው ሰው ሌላ አማራጭ እንደሌለህ ካወቀ በምን ትደራደራለህ?» አልሁት። ከበስተኋላው የአጎቴ ሣቅ ተሰማኝ። ቀጥለውም «ልጄ፤ እኔ ይህን በታክሲዬ ውስጥ በየቀኑ እማረዋለሁ፤ እርሱ ግን አራት ዓመት ሊማረው ነው» አሉ።