ፀረ ምን?

«ጉንፋን ይዞኛል፣ እስቲ አንቲባዮቲክ ስጪኝ።»

እንጅባራ ውስጥ መድኃኒት ቤት በር ላይ ትንሽ ከቆማችሁ ይህን መስማታችሁ አይቀርም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ብርዱም ጉንፋኑም ለነዋሪው አዲስ አይደለም። ጥያቄው ግን አንድ ስህተት ተሸክሟል። ስህተቱን ለማየት ሕክምና መማር አያስፈልግም፤ «አንቲ» የምትለዋን ቁራጭ ቃል መፍታት ይበቃል።

«አንቲ» ግሪክኛ ናት። ተቃራኒ፣ ትይዩ፣ ፊት ለፊት የቆመ ማለት ነው። እኛ ወደ አማርኛ ስናመጣት «ፀረ» አልናት። «ፀር» ደግሞ በግዕዝ ጠላት ነው፤ ዛሬም «የሰላም ፀር»፣ «የልማት ፀር» እንላለን። ግሪኩ «ፊት ለፊት የቆመ» ያለውን እኛ «ጠላት» አደረግነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ቃሉ የፖለቲካ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን «ፀረ አብዮት» ወይም «ፀረ ሕዝብ» የተባለ ሰው ምን ይጠብቀው እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ስለዚህ «ፀረ» ስንሰማ ጆሯችን የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥፊ።

አንዳንዴ ይህ ትርጉም ልክ ይመጣል። ፀረ አረም አረም ያጠፋል፣ ፀረ ወባ የወባን ተህዋሲ ይገድላል፣ ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ፀረ ቫይረስም ሥራው ይታወቃል። የጠላቱ ስም አብሮ ስለተጻፈ ማንም አይሳሳትም።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «አንቲቦዲ»ን ቃል በቃል «ፀረ አካል» ብንለው የሰውነት ጠላት ሊመስል ነው። እሱ እኮ ሰውነታችን በሽታ ለመከላከል ራሱ የሚሠራው ወታደር ነው! ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖል ኤርሊክ እ.አ.አ. በ1891 ስሙን ሲጠቀም ለማለት የፈለገው «የሚመክት አካል» ነበር። «አንቲጅን» ደግሞ የዘረመል ጠላት አይደለም፤ አንቲቦዲ እንዲፈጠር የሚቀሰቅሰው ባዕድ ነገር ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የተለመደው ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ የሚፈልገው የእኛን አንቲቦዲ ነው። የወባ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ደግሞ የተህዋሲውን አንቲጅን ነው። ሁለቱም «አንቲ» ናቸው፤ አንዱ የእኛ ወታደር፣ ሌላው የጠላት አሻራ።

ፊዚክስ ውስጥም አለች። «አንቲማተር» ወይም ፀረ ቁስ የሚባለው የቁስ መስታወት ነው፤ ክብደቱ እኩል፣ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ተቃራኒ። የእንግሊዙ ፖል ዲራክ በወረቀት ላይ ተነበየው፣ አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን እ.አ.አ. በ1932 አገኘው። «አንታርክቲካ»ም ከአርክቲክ ትይዩ ያለ ማለት ነው እንጂ ማንንም አይጠላም። በነገራችን ላይ ነፍሰ ጡሮች የሚከታተሉት «አንቴናታል» ከዚህ ቤተሰብ የለም። «አንቴ» ላቲን ነው፣ «በፊት» ማለት፤ ከወሊድ በፊት። አንዲት ፊደል ቀይራችሁ «አንቲናታል» ካላችሁ ግን ክትትሉን የወሊድ ጠላት አደረጋችሁት።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቱ እንመለስ። «አንቲባዮቲክ» ውስጥ «ባዮስ» ሕይወት ነው፤ ቃል በቃል «ፀረ ሕይወት» ይሆናል። ስሙን እ.አ.አ. በ1940ዎቹ ያስለመደው ሰልማን ዋክስማን ነው፤ አንድ ረቂቅ ሕይወት ሌላውን ለመከላከል የሚያመነጨውን ነገር ለመግለጽ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስሙ የየትኛው ሕይወት ጠላት እንደሆነ አይነግረንም። መልሱ ባክቴሪያ ነው። ጉንፋን ደግሞ የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሲሲሊን ለጉንፋን መዋጥ ሌባ ሌላ ሰፈር ገብቶ የራስን በር እንደመቆለፍ ነው።

ይህ ነገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያለበት ቤት ብቻ የሚፈጠር አይደለም። ድንች ለአዊ ደጋ ገበሬ እንጀራው ነው። ዝናብና ጉም ሲደጋገም የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ በቀናት ውስጥ ማሳ የሚያወድም በሽታ አለ። እ.አ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው ያው በሽታ ነው። ገበሬው የሚረጨውን ሁሉ «መድኃኒት» ይለዋል፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ደግሞ ሁሉም «ፀረ ተባይ» በሚል አንድ ስም ይጠቃለላል። ግን ማላታይን የነፍሳት ጠላት ነው፤ ይህን በሽታ አይነካውም። ማንኮዜብ በበኩሉ ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ በሽታው እንዳይገባ ይከላከላል፤ ከገባ በኋላ አያድንም። የተሳሳተ «ፀረ» የገዛ ገበሬ ብሩንም ድንቹንም ያጣል።

በመድኃኒት ላይ ግን ኪሳራው ከገዢው ያልፋል። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ተላመደው» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? የሚላመደው ሰውነታችሁ አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ያላስፈላጊ ወይም በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ደካማዎቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ይተዋል። የተረፉት ይራባሉ፣ ከእናንተም ወደ ታናሽ እህታችሁ ይሻገራሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.አ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት እንደሚለው በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞተዋል።

ሩቅ አገር አትበሉ። ከእንጅባራ ወደ ጃዊ ቆላ ለሥራ የወረደ ሰው ወባን ያውቃታል። ኢትዮጵያ ፋልሲፋረም ለሚባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ለዓመታት ክሎሮኪን ትሰጥ ነበር። ተህዋሲው ተላመደውና እ.አ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር ተቀየረ። እሱም ብዙ አልቆየም፤ በ2004 ኮአርተም መጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ለውጥ። አሁን ደግሞ ኮአርተም ውስጥ ያለውን አርቴሚሲኒን በከፊል የሚቋቋም ወባ በኤርትራ፣ በሩዋንዳና በኡጋንዳ ተረጋግጧል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ነገሩን የማየው እንደ ጋራ ግጦሽ ነው። ፈረስ በሚወደድባት አዊ ይህ ምሳሌ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ሰው ከልክ በላይ ፈረስ ቢያሰማራ ጥቅሙ የእሱ ብቻ ነው፤ መስኩ ሲራቆት ግን ጉዳቱ የሁሉም ነው። የአንቲባዮቲክ ጉልበትም እንደዚያ ነው። ያለ ማዘዣ የምንገዛው አንድ ፍሬ ብሩ ትንሽ ነው፤ እውነተኛ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ነገ የሳንባ ምች የሚይዘው፣ የማናውቀው ሕፃን ነው። ደረሰኙ ላይ ይህ አይጻፍም። ስለዚህ ነው ሕጉ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥ የሚለው።

እርግጥ፣ ማዘዣ ማለት ወረፋ ነው፣ የካርድ ብር ነው፣ ከገጠር ለመጣ ሰው ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አቋራጩን የሚመርጥ ሁሉ ግድ የለሽ አይደለም፤ ጣት መቀሰር መፍትሔ አይሆንም። ግን ምንም ብር የማያስወጣ አንድ ነገር አለ፤ መጠየቅ። «አንቲ» ወይም «ፀረ» የሚል ነገር እጃችሁ ላይ ሲገባ ሻጩን ጠይቁት፣ «ፀረ ምን ነው?» ቀጥሎ ደግሞ፣ «እኔን የያዘኝ እሱ መሆኑን በምን አወቅን?» ለሁለተኛው መልስ ከሌለ ብሩን ኪሳችሁ መልሱትና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጉንፋን ብቻ ከሆነ ደግሞ ትኩስ ነገርና ዕረፍት ይበቃዋል።