ሐይቁ የማን፣ ውሃው የማን? የዳላስ–ፎርት ዎርዝ ግድቦች ኢኮኖሚ

ጋርላንድ ዳላስ አካባቢ ሐበሻ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከምሥራቅ ጫፏ የሬይ ሀባርድ ሐይቅ ተንጣሏል፤ አይ-30 አውራ ጎዳና በላዩ አልፎ ወደ ሮክዎል ይሻገራል። የጋርላንድ ነዋሪ ቧንቧ ሲከፍት የሚወርድለት ግን የዚህ ሐይቅ ውሃ አይደለም። ሐይቁ የዳላስ ከተማ ነው። ጋርላንድ የምትጠጣው በ1951 ከተቋቋመው ከኖርዝ ቴክሳስ ሚኒሲፓል ዋተር ዲስትሪክት ነው፤ የድርጅቱ ነባር ምንጭም ሬይ ሀባርድ ከተገደበበት ወንዝ ሽቅብ ያለው የላቮን ሐይቅ ነው። እዚህ አገር ውሃ የሚደርሰው ለቀረበ ሰው ሳይሆን ውል ለያዘ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአካባቢው የሚታዩት ትልልቅ ሐይቆች በሙሉ ሰው የሠራቸው ናቸው። የወለዷቸው ሁለት ተቃራኒ ክፉ ቀኖች ናቸው፤ ጎርፍና ድርቅ። በ1908 የትሪኒቲ ወንዝ ዳላስ ላይ ወደ 16 ሜትር ከፍ ብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ቤት አልባ አደረገ። በ1949 ተራው የፎርት ዎርዝ ሆነ። በመካከሉ፣ በ1945፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ለቤንብሩክ፣ ለግሬፕቫይን፣ ለላቮንና ለሉዊስቪል ግድቦች ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ ግንባታው ለአገሪቱ ጦር መሐንዲሶች ኮር ተሰጠ። አራቱም ከ1952 እስከ 1955 ባለው ጊዜ አለቁ። በዚያው አሥር ዓመት የደረሰው ድርቅ ደግሞ ዳላስን ከሬድ ሪቨር ጨው ያዘለ ውሃ እስከ መሳብ አደረሳት።

አንድ ግድብ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ለማየት ሉዊስቪል ይበቃል። ግድቡ ሣር የለበሰ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአፈር ካብ ነው። የሐይቁ መደበኛ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 522 ጫማ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ 532 ጫማ ያለው ቦታ ለጎርፍ ሲባል ባዶውን ይጠበቃል። ከታች ያለውን ውሃ ዳላስና ዴንተን በውል ይጠቀሙበታል። የዳላስ ድርሻ ሲለቀቅ በኤልም ፎርክ ወንዝ ወርዶ ካሮልተን ያለው ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል፤ ወንዙ ራሱ ቧንቧ ሆኖ ያገለግላል። መብራት ግን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራውን የእኛን ሕዳሴ የለመደ አንባቢ እዚህ ተርባይን ቢፈልግ ይደክማል። የቴክሳሱ ግድብ ትርፉ የሚቆጠረው በሚያስቀረው ጎርፍና በሚያስገነባው ቤት ነው።

ቤቱስ ተገንብቷል። ከሉዊስቪል ሐይቅ ዳር ያለችው ሊትል ኤልም በ2000 ሕዝቧ 3,646 ነበር፤ በ2020 46,453 ደረሰ። ጀልባ ማቆሚያው፣ መናፈሻው፣ ሐይቅ የሚያይ ቤት ዋጋውና የሚከፈልበት ፕሮፐርቲ ታክስ ሁሉ ከሐይቁ ይመዘዛል። ከሁሉ በላይ ግን 8 ሚሊዮን የሚሆነው የአካባቢው ሕዝብ ያለ እነዚህ ሐይቆች እዚህ ሊሰፍር አይችልም ነበር።

ወጪውን ማን ይሸከማል? ከከተማው ርቆ ያለው ገበሬ ቀዳሚው ነው። በ2024 ለሕዝብ የተከፈተው ቦዳርክ ሐይቅ በፋኒን ካውንቲ ወደ 6,700 ሄክታር መሬት ይሸፍናል፤ ፕሮጀክቱ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ወስዷል። ውሃው በአብዛኛው የሚሄደው በስተደቡብ ወዳሉት ፈጣን አዳጊ ከተሞች ነው። በሰልፈር ወንዝ ላይ የታቀደውን የማርቪን ኒኮልስ ግድብም ከብት አርቢውና የእንጨት ኢንዱስትሪው ከ20 ዓመት በላይ ሲቃወሙት ኖረዋል።

ሁለተኛው ከፋይ ባለ ቧንቧው ነው። በኖርዝ ቴክሳስ ሚኒሲፓል ዋተር ዲስትሪክት የቀድሞ ውል አንድ አባል ከተማ በየዓመቱ የሚከፍለው ከዚያ በፊት ብዙ ውሃ በተጠቀመበት ዓመት ልክ ነበር። ነዋሪው ሣሩን ቢያደርቅ፣ ሻወሩን ቢያሳጥር፣ የከተማው ዕዳ አይቀንስም ነበር። ጋርላንድ፣ ሜስኪት፣ ፕሌኖና ሪቻርድሰን በ2016 አቤቱታ አቀረቡ፤ በ2020 ቀመሩን ቀስ በቀስ ለመቀየር ስምምነት ላይ ተደረሰ።

የታችኛው ተፋሰስ ጉዳይ እዚህም አለ። ዳላስና ፎርት ዎርዝ አጣርተው የሚለቁት ፍሳሽ በትሪኒቲ ወርዶ ሊቪንግስተን ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ ሂውስተን ትቀዳለች። በበጋ የወንዙ ውሃ አብዛኛው ይኸው ነው። ስለዚህ የላይኞቹ ውሃውን አጣርተው መልሰው ለመጠቀም በጀመሩ ቁጥር ለታችኞቹ የሚደርሰው ያንሳል።

ግድቦቹ ከተከፈለባቸው በላይ እንደ መለሱ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ አለመሆናቸው ነው። ግድቦቹ አንድ አደጋም ጥለዋል፤ ግድብ አለ ተብሎ ወንዝ ዳር ቤት ይሠራል፣ ውሃ ደግሞ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እዚህ አካባቢ ቤት ለመግዛት ያሰቡ ወገኖች ከመፈረማቸው በፊት የአገሪቱ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት (ፌማ) ያወጣውን የጎርፍ ካርታ ይመልከቱ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳት አይሸፍንም፤ እሱ ለብቻው ይገዛል።