ሆድ ሳይከፈት የሚጠገን ደም ቅዳ

ከልብ ተነሥቶ በደረት በኩል ወደ ሆድ የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ይባላል። ሆድ ውስጥ ሲደርስ ስፋቱ በጤናማ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንዳንድ ሰው፥ ይልቁንም ዕድሜው ከ60 ባለፈና ሲጋራ ባዘወተረ ወንድ፥ ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ እንደ አሮጌ ካላማዳሪ ይነፋል። 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች አኒውሪዝም ይሉታል፤ ባለቤቱ ግን ስለማያመው አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። የሚያውቀው በፈነዳ ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜም ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞታሉ።

ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ አልበርት አይንሽታይን የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባሉት ቀዶ ሐኪም ሆዳቸውን ከፍተው ያበጠውን ሥር በሴሎፎን ጠቀለሉት፤ አዎን፥ ከረሜላ በሚጠቀለልበት በዚያው በሴሎፎን! በ1951 ሻርል ዱቦ በፓሪስ የታመመውን ሥር ቈርጠው በሞተ ሰው ደም ቅዳ ተኩ። በ1955 የአይንሽታይን ሥር ሲፈነዳ ግን ሊቁ ቀዶ ሕክምናውን እንቢ ብለው በፕሪንስተን በ76 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንቢታውን ግትርነት ነው የሚል ቢኖር የሥራውን ጠባይ ይመልከት። ሥሩ ሲፈነዳ ደሙ ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ አይፈስም። የረጋው ደምና በጀርባ በኩል ያለው ሥጋ ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍኑታል፤ የሆድ ጡንቻም ጠንክሮ ያግዛቸዋል። ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ጡንቻው ይላላል፤ ሆዱ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፤ የተደፈነውም ይለቀቃል። እንግዲህ ሐኪሙ ለማዳን የከፈተው በር ለሞትም መግቢያ ይሆናል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሁዋን ፓሮዲ የተባሉ የአርጀንቲና ሐኪም በቦነስ አይረስ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ይኸውም በብሽሽት በኩል መግባት ነው። በ1994 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ሐኪሞች ይህንኑ ዘዴ ለፈነዳ ሥር እንዳዋሉት አስታወቁ። ሐኪሙ ብሽሽት ላይ ባለው ደም ቅዳ ቀጭን ሽቦ ያስገባል። በሽቦውም ላይ ከብረት መረብና ከጨርቅ የተሠራ፥ ተጣጥፎ የታሸገ ቱቦ በኤክስሬይ እያየ ወደ ላይ ይገፋል። ቱቦው ሲለቀቅ ይዘረጋና ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ያለውን ጤናማ ግድግዳ ይይዛል። ደሙ በአዲሱ ቱቦ ስለሚያልፍ የተቀደደው ግድግዳ ሥራ ይፈታል። ሕመምተኛው ብሽሽቱ ብቻ ደንዝዞ ነቅቶ ሊቈይ ይችላል፤ የሆዱም ጡንቻ አይላላም።

ይሁን እንጂ ለሁሉ አይሆንም። ቱቦው የሚይዘው ጤናማ ግድግዳ ከሌለ ወይም ሥሩ እጅግ ከተጣመመ አሮጌው መንገድ ግድ ነው። ልኩ እንደ ጫማ ልዩ ልዩ የሆነ ቱቦም በመጋዘን መገኘት አለበት፤ በሌሊት የሚጠራ የሠለጠነ ባለሙያም እንዲሁ።

ለመሆኑ አዲሱ መንገድ ይበልጣልን? ይህን ለመመርመር፥ ከአንድ የካናዳ ሆስፒታል በቀር ሁሉም በብሪታንያ በሚገኙ ሆስፒታሎች 613 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ2014 በታተመው ውጤት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በአዲሱ ወገን ከመቶ 35.4፥ በአሮጌው 37.4 ነበሩ። እኛም ቍጥሩን ስናይ ቅር አለን፤ ይህ ልዩነት አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላልና። ነገር ግን ከሆስፒታል ሲወጡ በቀጥታ ወደ ቤታቸው የሄዱት በአዲሱ ወገን ከመቶ 94፥ በአሮጌው 77 ናቸው። በአዲሱ መንገድ ከተሠሩትም መካከል ብሽሽታቸው ብቻ ደንዝዞ የተሠሩት በሙሉ ማደንዘዣ ከተሠሩት ይልቅ በብዛት ድነዋል፤ የማደንዘዣው ምርጫ ግን በዕጣ ስላልነበረ በዚህ ብዙ አንመካም። በ2017 የወጣው የሦስት ዓመት ቍጥር ይበልጥ ይናገራል፤ እስከዚያ የሞቱት በአሮጌው ወገን ከመቶ 56፥ በአዲሱ 48 ነበሩ። በዚህ በአዲሱ ወገን ቍጥር ውስጥ ቱቦው አልስማማ ብሎ በመጨረሻ ሆዳቸው የተከፈተም አሉበት።