ከሩቅ የመጣ ዕቅድ ለማን ይበጃል?

ገበሬ ወንድሞችና እኅቶች! በአቦምሳ ገበያም ሆነ በቀበሌ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከሌላ አገር የመጣ ዕቅድ ይበጀናል ወይስ አይበጀንም? መልሱን ከራሳችን ከአርሲ እንፈልገው።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላ ላይ ካዱ የሚባል የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቀረበ። የወተት ላሞችን አዳቀለ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። የስንዴ ምርትም አደገ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? መሬቱ የባለመሬቱ ነው። ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይሰጣል። ስንዴ ትርፍ ሲያመጣ ባለመሬቱ፣ «በትራክተር አርሼ ሁሉንም ልውሰደው» አለ። ብዙ ጭሰኛ ከነልጆቹ ተፈናቀለ። ዘሩ መጥፎ አልነበረም። ዕቅዱ ግን «መሬቱ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይፈታ ነው የተጀመረው። ጭሰኝነት የቀረው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ሁለተኛውንም ምሳሌ እንይ። በ1971 ዓ.ም. የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጣ። ሐሳቡ ከሶሻሊስት አገሮች የመጣ ነበር። ደረጃዎቹ መልባ፣ ወልባና ወላንድ ይባሉ ነበር። ወልባ ሲደረስ መሬቱም በሬውም የጋራ ይሆናል። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ወዲያው ፈረሱ። ገበሬው በሬውንና መሬቱን ተከፋፈለ።

ደቦስ? እድርስ? እነሱ አልፈረሱም። ለምን ቢባል ሰው ወዶ የሚገባባቸው፣ ሕጋቸውንም ራሱ የሚያወጣላቸው ናቸው። እንግዲህ ገበሬው በጋራ መሥራትን አልጠላም። የጠላው ያልመከረበትን ነው።

ደግሞም አገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። የጭላሎ ደጋ ገብስና ስንዴ ይወዳል። ከአቦምሳ ወደ አዋሽ ሲወረድ ቆላ ነው፤ ዝናቡም ያጥራል። ለደጋው የተሰፋ ልብስ ለቆላው ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ዕቅድ ሲመጣ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦

1ኛ. በእኛ አፈርና ዝናብ ተሞክሯል ወይ? በማን ማሳ?
2ኛ. ትርፉ ለማን ነው? ቢከስርስ ዕዳውን ማን ይከፍላል?
3ኛ. የሴቶችን ድካም ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?
4ኛ. ካልተስማማን ልንለውጠው እንችላለን?

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ከሩቅ የመጣ ዘር ግን ይበቅላል፤ አፈሩን የሚያውቀው ገበሬ መክሮበት ከዘራው።