በአንዲት ኪኒን ሦስት መድኃኒት

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ሆነ በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች በኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክፍል ክትትል ያላቸው አዋቂዎች አብዛኞቹ የሚወስዱት በቀን አንዴ የምትዋጥ አንዲት ኪኒን ነው። በውስጧ 300 ሚሊ ግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊ ግራም ላሚቩዲንና 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ይዛለች። ባለሙያዎቹ ቲኤልዲ ይሏታል፤ ሕዝቡ ደግሞ የዕድሜ ማራዘሚያ።

ሦስቱ መድኃኒቶች አብረው የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ የጻፈውን ከዋናው ጋር አስተያይቶ ያርማል። ኤች አይ ቪ ግን ራሱን ሲገለብጥ ስሕተቱን አያርምም። በቀን በቢሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ስለሚያወጣ ከተሳሳቱት አንዱ አንድ መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱንም በአንዴ የሚያመልጥ ቅጂ ግን የመፈጠር ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን መሐል ላይ ያቋርጣሉ፤ ዶሉቴግራቪር ደግሞ የተገለበጠው ከነጭ የደም ሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር እንዳይዋሐድ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ብቻውን መሰጠት የጀመረው ዚዶቩዲን ውሎ አድሮ ይከሽፍ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1996 ጥምር ሕክምና ሲመጣ የሞቱ ቁጥር ያሽቆለቆለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ብዙዎች ጠዋትና ማታ ይውጡት ከነበረው አንዱ ስታቩዲን እግር ያቃጥል፣ የጉንጭንና የክንድን ስብ ያሟጥጥ ስለነበር ሰው ሳይናገር መልኩ ይናገርበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። በኋላ የመጣው ኤፋቪሬንዝ ደግሞ ራስ ያዞራል፣ ቅዠት ያበዛል። ቲኤልዲ ከሁለቱም ትለዝባለች። እንቅልፍ ብትነሣ ጠዋት መውሰድ ይበጃል፤ ክብደት ልትጨምርም ትችላለች። ስለዚህ የዛሬው ጥንቃቄ በይበልጥ ያለው አብረዋት በሚወሰዱት ላይ ነው።

የጨጓራ ሕመምን እናንሣ። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ዶሉቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ኪኒኗ ማስታገሻው ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ መዋጥ አለባት። ካልሲየምና ለደም ማነስ የሚሰጠው ብረት ከምግብ ጋር ከሆነ አብረዋት ይወሰዳሉ፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ያንኑ ርቀት ይጠይቃሉ። በሁዳዴ ጠዋት 1 ሰዓት ኪኒኗን የዋጠ ሰው ብረቱን 9 ሰዓት ላይ እህል ሲቀምስ ቢወስድ አይጋጭበትም።

የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪር ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ ታካሚው ከ12 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ይታዘዝለታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም ኃይሏን ያዳክማሉ። ለስኳር ሕመም የሚወሰደው ሜትፎርሚን በተቃራኒው በደም ውስጥ ስለሚበዛ በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ለወገብ ሕመም ተብሎ አዘውትሮ የሚዋጥ ዲክሎፌናክ ከቴኖፎቪር ጋር ተደርቦ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ጾምና ጸበል ግን ከኪኒኗ ጋር ጠብ የላቸውም። ቲኤልዲ ከምግብ ጋርም በባዶ ሆድም ትሠራለች። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና እንደማይጋጩ ተናግረዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ጸበል ቦታ ሲገባ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ነው። ቫይረሱ በተኙ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ካቋረጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ካቋረጠ ደግሞ ጉበቱ ሊታመም ይችላል፤ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ ይዘውት ነበርና።

ሰዓቷን የረሳ ባስታወሰ ጊዜ ይውጣት። ለቀጣዩ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ግን የረሳትን ይዝለላት እንጂ ሁለት ደርቦ አይዋጥ። ብልቃጡ ሲንኳኳ ሰው እንዳይሰማ ብለው ኪኒኑን በፌስታል የሚቋጥሩ አሉ። እርጥበት ያበላሸዋልና በራሱ ብልቃጥ፣ እርጥበት ከምትመጠው ትንሿ ከረጢት ጋር፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ።  ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ማስቀመጥ በማርቆስ ደጋ ችግር አይደለም፤ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወረድ ግን ጥላ ይፈልጋል። ለወራት የሚሄድ ሠራተኛ በቂ መድኃኒትና የዝውውር ወረቀት ይዞ ቢነሣ ይሻላል። ሕክምናው ለተረጋጋላቸው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መሰጠቱም መንገድ ሲዘጋ ብዙ ይረዳል።

ይህ ሁሉ መሥራቱን የሚያሳየው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል።

ጎረቤት፣ አሠሪ፣ የዕድር ሰው እንዲያውቅ ማንም ግዴታ የለበትም፤ ምሥጢሩ የባለቤቱ ነው። ከኤአርቲ ክፍሉ ግን የሚደበቅ ነገር መኖር የለበትም። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው የጨጓራ ኪኒን፣ ከባህል ሐኪም የመጣው ሥር፣ የተዘለሉት ቀናት፣ የታሰበው እርግዝና፣ ሁሉም በቀጠሮው ቀን ይነገር። ነርሷ መጠንና ሰዓት ማስተካከል የምትችለው የምታውቀውን ብቻ ነው።