አንድ ነጋሪት፣ የተለያየ ጆሮ

ባለፈው ክረምት መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች እናት ያለቀ የአፍንጫ መንፊያ ጠርሙስ አውጥታ «የፍቅር ሆርሞን ነው፤ ከውጭ ተልኮልኝ ነበር፤ እናንተ ጋ ይገኛል?» ስትል ሰማኋት። ልጇ ኦቲዝም አለበት። «ወንድሜ፣ እማዬ ባይለኝም ግዴለም፤ አንድ ቀን ዓይን ዓይኔን ቢያየኝ ይበቃኛል» አለችኝ። ይህ ቃሏ ከጆሮዬ አልጠፋም።

መንፊያው ውስጥ የነበረውን ኦክሲቶሲን በምጥ መርፌነቱ እናውቀዋለን። «የፍቅር» የሚለውን ስም ያገነኑለት ግን የሰሜን አሜሪካ የሣር ምድር አይጦች ናቸው። ፕሬሪ ቮል የተባለው ዝርያ ወንዱ ከአንዲት እንስት ጋር ተጣምሮ ጎጆ ይጋራል፣ ግልገሎቹንም አብሮ ያሳድጋል። የተራራው ዘመዱ ተገናኝቶ መንገዱን ይቀጥላል። ቶማስ ኢንሰልና ላውረንስ ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1992 የሁለቱን አንጎል ሲያነጻጽሩ፣ የኦክሲቶሲን ተቀባዮች የሰፈሩባቸው ቦታዎች ለየቅል ሆነው ተገኙ፤ ፕሬሪ ቮሉ ደስታና ሽልማት በሚመዘንበት የአንጎል ክፍል በብዛት አሉት። ነጋሪቱ አንድ ነው፤ የሚሰማው መንደር ይለያል።

በ1999 ላሪ ያንግና ባልደረቦቹ የኦክሲቶሲን የቅርብ ዘመድ ለሆነው ሆርሞን፣ ለቫሶፕሬሲን፣ የሚሆነውን የፕሬሪ ቮል ተቀባይ ጂን ወደ ቤት አይጥ አዛወሩ። ተቀባዩ በአይጡ አንጎል ውስጥ የፕሬሪ ቮልን በሚመስል አሰፋፈር በቀለ፤ ወንዱ አይጥም ቫሶፕሬሲን ሲሰጠው እንስቷን አብዝቶ ይቀርብ ጀመር። በ2004 ደግሞ ብዙ እንስቶችን በሚያፈራርቀው የመስክ ቮል አንጎል ውስጥ፣ አንዲት ቦታ ላይ ያንኑ ጂን በቫይረስ አስገቡ፤ ወንዱ የለመዳትን መረጠ። በሬሰስ ጦጣ ግን በ2014 የወጣ ጥናት የኦክሲቶሲን ተቀባዮችን ያገኘው በተለይ ከእይታና ከትኩረት ጋር በተያያዙ ክፍሎች ነው። በ2023 ደግሞ የኦክሲቶሲን ተቀባይ ጂናቸው የተሰናከለ ፕሬሪ ቮሎች እንኳ መጣመራቸው ታየ።

ታዲያ የአይጥ ተስፋ ለሰው ልጅ እንዴት ይሸጣል? ስለ መንፊያው የጠየቅኋቸው አንድ ኃላፊ «በጽሑፍ አምጣ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም።

በ2021 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ 290 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆችና ታዳጊዎች ለ24 ሳምንታት ተከታትሎ፣ ኦክሲቶሲን መድኃኒት ከሌለበት መንፊያ የተሻለ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ለእናቲቱ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «በየማታው በግድ ይዤ ስነፋበት እያለቀሰ ነበር እኮ» አለች።